ቫንጌሊስን ለማያውቅ ልጅ ምን ታሰሙታላችሁ?

ካዛንቺስ_አድማጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የግሪኩ የሙዚቃ አቀናባሪ ቫንጌሊስ ካረፈ ቆየ፤ ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር፣ ፓሪስ፣ በ79 ዓመቱ። እኔ ግንቦት በመጣ ቁጥር ሥራዎቹን አወጣና እሰማለሁ። ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ቢት የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ነው። ትንሽ ሰማና "ይሄን እኮ ማሽኑ ነው የተጫወተው፣ ሰውየው ምን አደረገ?" አለኝ። በጣም ከፋኝ። ግሪክ ውስጥ ቮሎስ ከተማ አጠገብ ተወልዶ፣ ኖታ ማንበብ ሳይማር በጆሮው ብቻ እዚያ የደረሰ ሰው ነው እኮ! ግን እኔ አድማጭ እንጂ ሙያተኛ አይደለሁም፣ የሚያሳምን መልስ አጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታሰሙታላችሁ? ምንስ ትሉታላችሁ?

ኪቦርዲስቱ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ነገር ሠርግ ላይ ስጫወትም እሰማዋለሁ። "ራሱ ነው የሚጫወተው" ይላሉ።
ለልጁ ስለ ያማሃ ሲኤስ 80 ንገረው። ቫንጌሊስ በጣም ይወደው የነበረ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፁን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ የወጣ፣ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ግዙፍ ዕቃ። ባንዴ ስምንት ድምፅ ያወጣል። ዋናው ነገር ግን እዚህ ጋ ነው፤ አኮርድ (ባንዴ የሚመቱ ብዙ ድምፆች) ይዘህ አንዷን ጣትህን ብቻ ጫን ብታደርግ የዚያች ጣት ድምፅ ብቻ ይጎላል ወይም ይንቀጠቀጣል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። የእኛ ኪቦርዶች አብዛኞቹ ይሄን አይችሉም። ከቁልፎቹ በላይ ደግሞ ረዘም ያለ ሪባን፣ በጣት የሚነካ ቀጭን ንጣፍ፣ አለው፤ ጣትህን ስታንሸራትትበት ድምፁም አብሮ ይንሸራተታል፣ ልክ ማሲንቆ ተጫዋች ጭራው ላይ እንደሚያደርገው። ስለዚህ ጣትህ ካልሠራ መሣሪያው የሚሰጥህ ነገር የለም። ሰውየው ለፊልም ሲሠራ ምስሉን እያየ ነበር የሚጫወተው፣ የመጀመሪያውን ስሜት እዚያው ይቀዳዋል። ማሽኑ ተጫወተ የሚባለው የቱ ጋ ነው?
እኛም አገር ባንዱ ቀርቶ ካሴቱ ሁሉ በኪቦርድ መሠራት ሲጀምር ሰው ኪቦርድን ጠላ። እውነት ለመናገር ጥፋቱ የዕቃው አይመስለኝም። አንድ ሰው ብቻውን ከበሮውንም ቤዙንም ትራምፔቱንም በጥድፊያ እንዲሠራ ሲጠየቅ ጣቱ ስሜት የሚያወጣበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

የእንጦጦ_ሯጭ፦
እኔ ያለምንም ጥርጥር ከቻሪየትስ ኦፍ ፋየር አስጀምረዋለሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ስለተወዳደሩ ሁለት የብሪታንያ ሯጮች ነው። ለእንዲህ ያለ የድሮ ታሪክ ሌላ ሰው ቢሆን ኦርኬስትራ ይጠራ ነበር። ቫንጌሊስ ግን ፒያኖና ሲንተሳይዘር ይዞ ገባ። አባቱ ሯጭ ነበሩ፣ ዜማውንም ለእሳቸው ብሎ ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1982 ኦስካሩን ሲሸለም ቀኑ የራሱ ልደት ነበር።
አሁን ደግሞ የእኛን ልንገራችሁ። የለንደን ኦሎምፒክን ታስታውሳላችሁ? መሠረት ደፋር 5,000ውን አሸንፋ ከማልያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ ለጥፋ ስታለቅስ? በዚያ ኦሎምፒክ ሜዳልያ ሲሰጥ ይሰማ የነበረው ይሄው የቫንጌሊስ ዜማ ነው። ጥሩነሽም የ10,000 ወርቋን ስትቀበል እንደዚያው። ስንቶቻችን ቴሌቪዥን ፊት እንባችንን እየጠረግን ሰማነው፣ የማን እንደሆነ ግን ማን ጠየቀ? ቪዲዮውን ፈልገህ ለልጁ አሳየው።

ሌሊት_በዲሲ፦
የሯጩ ታሪክ ልቤን ነክቶታል፣ ግን በምርጫው አልስማማም። ያንን ዜማ ልጁ ሳያውቀው መቶ ጊዜ ሰምቶታል፣ በየማስታወቂያው አለ። ጆሮው ለምዶታልና አያስደነግጠውም። ብሌድ ረነርን ስጠው። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፣ ሙዚቃውን የያዘው የቫንጌሊስ አልበም ግን እስከ 1994 አልወጣም። እስቲ አስቡት፣ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ጠብቆታል። ሌሊት ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ የምሰማው እሱን ነው። መክፈቻው ላይ ያ የነሐስ መሣሪያ የሚመስል ድምፅ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ያብጣል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዘንበል ይላል። ኪቦርዲስቱ ያለው የጣት ነገር እዚያ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ዛሬ የወደፊቱን ዘመን የሚያሳይ ፊልም የሚያጅብ አቀናባሪ ሁሉ ከዚያ ድምፅ ሳይቀዳ አልቀረም፣ በዚህ ማንም ቢከራከረኝ አልሰማም።

ካዛንቺስ_አድማጭ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ይመጣል፣ በጆሮ ማዳመጫ ብሌድ ረነርን አሰማዋለሁ፣ ከዚያ የመሠረትን ቪዲዮ። ኪቦርዲስቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጁ በእርግጠኝነት "እኔስ ላፕቶፔ ላይ ላገኘው እችላለሁ?" ይለኛል። ይቻላል?

ኪቦርዲስቱ፦
ይቻላል። ሲኤስ 80ን አስመስለው የተሠሩ ሶፍትዌሮች አሉ፣ ድምፃቸውም ጥሩ ነው። ግን በማውዝ እንዳይደረድረው። የእያንዳንዱን ጣት ጫና ለብቻ የሚለይ ኪቦርድ ካገኘ በጣም ጥሩ። ካላገኘም ባለው ይጀምር፣ አንድ ድምፅ ብቻ ይያዝና ድምፁን እያጎላና እየቀነሰ ይለማመድ። አኮርዱ በኋላ ይደርሳል። መሰብሰቢያ ካጣችሁ ሳሪስ ያለው ቤቴ ክፍት ነው፣ ልጁን ይዘኸው ና።