ጥቆማ፦ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ቀለም በምን ይለቃል?

ቲነር አይሆንም። ከዚህ ልጀምር፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችን እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። አብዛኛው የሞዴል መኪና ቦዲ የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ቀለሙን ብቻ አያነሱም፣ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሙታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙው አሴቶን ስለሆነ ያው ነው።

ይህን የምለው በዓይኔ አይቼ ነው። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ሞዴል አምራች የሠራት 1/24 ቮልስ ነበረችኝ (ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ያነሰች)፣ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴሏ ቢትል። ቮልስ ለእኛ ሰው እንዲሁ መኪና ብቻ አይደለችም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ናት። ቀለሙ ቡግር ቡግር ብሎ ሲደርቅብኝ ሰፈራችን ወዳለ ገራዥ ይዣት ሄድኩ። ቀቢው ጎበዝ ነው። ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ ጣሪያዋን ጠረግ አደረጋት። ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ። ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ግን እንደ ማስቲካ ለሰለሰ፣ የጨርቁ ክር ታትሞበት ደረቀ። ሰውየው ክፋት የለበትም፣ የለመደው ቆርቆሮ ነው። እናንተ ግን ገራዥ አትውሰዱት። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሥሩት።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ አልኮል ነው። ፋርማሲ ያለው 70 በመቶው ይሠራል፣ ግን ውሃ ስላለበት ይዘገያል። ሳኒታይዘሩን ተዉት፣ ግሊሰሪን አለበት። እኔ የምመክረው ሞባይል ጠጋኞች ቦርድ የሚያጥቡበትን አይሶፕሮፒል ነው። ጠርሙሱ ላይ 99 በመቶ የሚለውን ፈልጉ፤ የሞባይል ጥገና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። ለአክሪሊክ (በውሃ ለሚቀጥነው) ቀለም ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ነክራችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ ስታደርጉት፣ ቀለሙ መጀመሪያ ከጠርዙ ይነሳል፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይገፈፋል። አልኮል በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ከምድጃ አርቁት። መስታወቶቹንም አስቀድማችሁ ንቀሉ፤ ግልጽ ፕላስቲክ አልኮል ውስጥ ከቆየ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል።

አልኮሉ እምቢ ካለ፣ በተለይ ቀለሙ ኢናሜል (የዘይት ቀለም) ከሆነ፣ ሶማሌ ተራ ብቅ በሉና የፍሬን ዘይት ግዙ። ብራንድ አታማርጡ፣ ቁጥሩን እዩ። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ቀለሙን አይነካውም፤ ሻጩ «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» ቢላችሁም አትውሰዱ። ቢበዛ አንድ ሌሊት ይበቃል፣ በየመሃሉ ግን እያወጣችሁ እዩት። ጓንት አድርጉ። ቀለም የተቀባ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ካለ ጠረጴዛውንም ይልጠዋል። ሲያልቅ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ ቅባቱ ከቀረ አዲሱ ቀለም አይይዝም። የተጠቀማችሁበትን ቦይ ውስጥ አትድፉ፣ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ገራዥ ስጡ።

ቡናማው ዴቶልም አክሪሊክ ላይ ጥሩ ነው፣ አንድ ቀን ቢቆይ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ መጀመሪያ ውሃ አታስነኩት። ዴቶልና የለቀቀው ቀለም ውሃ ሲያገኛቸው እንደ ሙጫ ይሆኑና ከየስንጥቁ አይወጡም። እዚያው ዴቶሉ ውስጥ በብሩሽ ጨርሱ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናና ውሃ።

በረኪና ለቀለም አይረባም፣ ለኒኬሉ ግን አንደኛ ነው። የመከላከያና የጎማ ቸርኬ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሽፋን ሲበላው ቆማችሁ ታዩታላችሁ። መስኮት ክፈቱ፤ ከአልኮልም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት።

አሜሪካ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ሱፐር ክሊን የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቅባት ማጽጃ ፈሳሽ ከአውቶዞን ወይም ከዋልማርት ይገኛል። እሱንም ያለ ጓንት አትንኩት፣ ኃይለኛ ነው።

የመረጣችሁት የትኛውም ይሁን፣ ቦዲውን ከመንከራችሁ በፊት ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ቁራጭ ነክራችሁ እደሩ። ጠዋት በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ከለሰለሰ ወይም ሲታጠፍ ቀጭ ካለ ያ ፈሳሽ ይቅር። እኔ ያቺን ቮልስ አልጣልኳትም። ዴቶሉንም ዶት 3ንም መጀመሪያ የቀመሰው የእሷ የኋላ ኮፈን ነው።