ከግሊዮብላስቶማ (ኃይለኛ የአንጎል ካንሰር) ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ጨረሩ 15 ጊዜ ይሁን 30?

ጤና ይስጥልን። የነርቭና የካንሰር ሐኪሞች፣ ምክራችሁን እንፈልጋለን። ታካሚው 68 ዓመታቸው ነው። ዕጢው የንግግርን ቦታ ስለተጠጋ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ኤምአርአይ ስላልተነሡ፣ አሁን ቢነሡ የቁስሉ ጠባሳ ከቀሪ ዕጢ ጋር ይምታታል። ዕጢው ለኬሞ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚመልስ የሚጠቁመውን የኤምጂኤምቲ ምርመራም አላገኘንም።

ያስቸገረን የካርኖፍስኪ ነጥባቸው (ራስን የመቻል አቅምን ከ0 እስከ 100 የሚለካው) ነው፤ 60 ላይ ቆሟል። ግን ድካሙ ከዕጢው ነው የአንጎል እብጠት ለመቀነስ ከሚሰጣቸው ስቴሮይድ፣ ከዴክሳሜታዞኑ? ከወንበር የሚነሡት በእጃቸው ተደግፈው ነው፣ የመጨበጥ አቅማቸው ግን ደህና ነው፤ ስኳራቸውም 240 ገብቷል። ይህ የስቴሮይድ የጡንቻ መድከም ይመስላል። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነስን፣ የአንጎል እብጠቱ እንዳይመለስ ሰግተናል።

ነጥቡ እስኪሻሻል ጠብቀን 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ30 ጊዜ ከኬሞ መድኃኒቱ ቴሞዞሎማይድ ጋር እንስጥ ወይስ 40 ግሬይ በ15 ጊዜ አሁኑኑ እንጀምር? ቁስሉ በደንብ ድኗል፤ ከቀዶ ሕክምናው 4 ሳምንት አልፏል።