ክርክር፦ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ለማስተማር የሚቀጠር ሰው ታካሚ የሚያይ መሆን አለበት?

አወያይ፦
በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለክሊኒካል ሳይኮሎጂ መምህርነት የሚወጣው የቅጥር ማስታወቂያ ከሞላ ጎደል አንድ መልክ አለው። ሦስተኛ ዲግሪ፣ በታወቁ ጆርናሎች ላይ የወጡ ጽሑፎች፣ የምርምር ገንዘብ የማምጣት ችሎታ ይጠየቃል። ግርጌው ላይ «የሙያ ፈቃድና የሕክምና ልምድ ላለው አመልካች ቅድሚያ ይሰጣል» ይባላል። ለክርክር ያቀረብኩት ይህን የግርጌ መስመር ነው። ግዴታ ይሁን? መምህሩስ ከተቀጠረ በኋላ ታካሚ ማየቱን ይቀጥል? ከዩኒቨርሲቲም ከክሊኒክም ያላችሁ ግቡበት። ተቋም በስም እየጠራችሁ አትውቀሱ።

የሆስፒታል ሳይኮሎጂስት፦
ዳር ዳር አልልም፤ ግዴታ ይሁን። ተለማማጆች ወደ ክፍላችን ሲመጡ የማየውን ልንገራችሁ። አንዱ ተለማማጅ ታካሚዋን የድባቴ መጠይቅ አስሞልቶ ይዞ መጣ፤ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን። ድምሩን 11 ብሎ፣ አጠገቡ «መካከለኛ» ብሎ አሳምሮ ጽፎታል። ዘጠነኛው ጥያቄ ግን «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ የሚጠይቀው ነው፤ ታካሚዋ እዚያ ላይ «አንዳንድ ቀን» የሚለውን አክብባለች። «ጠየቅሃት?» አልኩት። ዝም አለ።

ይህ ልጅ መጠይቁ ከ0 እስከ 27 እንደሚደመር፣ 10 ሲደርስ ምን እንደሚባል፣ 15 ሲደርስ ምን እንደሚባል፣ አስተማማኝነቱ በምን እንደሚለካ አንድ በአንድ ያውቃል። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሳይንተባተብ፣ ዓይኑን ሳይሰብር «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ተብሎ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ማንም አላሳየውም። ሊያሳየው የሚገባው ሰው ራሱ ጠይቆ የማያውቅ ከሆነ ከየት ያምጣው?

ሙያው ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ላይትነር ዊትመር በ1896 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ሲከፍት አስተማሪውም ባለሙያውም እርሱ ራሱ ነበር። የመጀመሪያው ተገልጋይ ፊደል አጻጻፍ ያስቸገረው ልጅ ነው፤ ያመጣችውም የልጁ አስተማሪ ናት።

ተመራማሪና መምህር፦
እህቴ የጠቀሱት ጉድለት እውነት ነው። መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። ብዙ ታካሚ ያየ ሰው የተሻለ ቴራፒስት (የንግግር ሕክምና ሰጪ) ነው፣ የተሻለም ያስተምራል የሚለውን ግምት ሁላችንም ሳንፈትሽ ተቀብለነዋል። በ2016 ጎልድበርግና ባልደረቦቹ 170 ቴራፒስቶችንና ከ6,500 በላይ ታካሚዎቻቸውን ይዘው ያወጡት ጥናት አለ። የቴራፒስቶቹ ውጤት ልምዳቸው በጨመረ ቁጥር በአማካይ አልተሻሻለም፤ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ቢሆንም እንዲያውም ቀንሷል። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ፖል ሚልም በ1954 የባለሙያ ግምትንና ቀላል የስታቲስቲክስ ቀመርን አወዳድሮ፣ ቀመሩ በብዛት እኩል ወይም የተሻለ እንደሚተነብይ አሳይቷል። ታዲያ «ልምድ አለኝ» የሚለው መስመር ማመልከቻ ላይ ስላለ ብቻ ምን አረጋገጠልን?

ሌላም አለ። የ2015ቱ የድግግሞሽ ፕሮጀክት 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሲሠራ፣ እንደ መጀመሪያው ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው ውጤት የተገኘው 36 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ነው። ይህ የሚያመለክተው የምርምር ዘዴን አጥብቆ የሚያስተምር ሰው እንደሚያስፈልገን ነው። የታካሚ ችግር ደግሞ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አይጠብቅም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

የሆስፒታል ሳይኮሎጂስት፦
መምህር፣ ሚልን ባያነሱት ይሻልዎት ነበር። ያ ሰው በሙያ ዘመኑ ሁሉ ቴራፒ ይሰጥ የነበረ፣ ታካሚ የሚያይ ባለሙያ ነው። የባለሙያ ግምት የት ላይ እንደሚያሳስት በደንብ ያየው እዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጠም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

የ2016ቱንም ጥናት አውቀዋለሁ። ስለ አማካይ የሚለው እንዳሉት ነው፤ ግን እዚያው ውስጥ እየተሻሻሉ የሄዱ ቴራፒስቶችም አሉ። እኔ ከዚያ የምረዳው ልምድ ብቻውን፣ ውጤትህ ምን እንደሆነ የሚነግርህ ነገር በሌለበት፣ እንደማያስተምር ነው። ማይክል ላምበርትና ባልደረቦቹ የታካሚውን ሁኔታ በየጊዜው እየለኩ ለቴራፒስቱ ሲያሳውቁት፣ እየባሰባቸው የነበሩ ታካሚዎች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይተዋል። ለእኔ ይህ ታካሚም የሚያይ፣ ቁጥርም የሚያነብ መምህር ያስፈልጋል የሚል ማስረጃ ነው። የማርሻ ሊነሃን ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ ከየት መጣ? ራሳቸውን ደጋግመው የሚጎዱ፣ ለመሞት የሞከሩ ሴቶችን ስታክም፣ የተለመደው ዘዴ አልሠራ ሲላት፣ ከዚያው ከሕክምናው ውስጥ ነው የወጣው። በ1991 በሙከራ አስደገፈችው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆና ነው ሁለቱንም የሠራችው።

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ፦
እስካሁን ያወራችሁት መምህሩ ምን መምሰል እንዳለበት ነው። ያ መምህር ለመሆን የምንሞክረው ሰዎች ምን ላይ እንዳለን ልጨምር። ፈቃድ ለማግኘት በሱፐርቪዥን፣ ማለትም ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር የሚሞላ ሰዓት አለ፤ ለቅጥር ደግሞ የሚወጣ ጽሑፍ አለ። ሰዓቱን ስሞላ ጽሑፉ ይቆማል፤ ጽሑፉን ስጽፍ ሰዓቱ ይቆማል። ማስታወቂያው ሁለቱንም በእኩል ከጠየቀ የሚያልፈው ማን ነው? ቤተሰቡ ለዓመታት የሚደጉመው፣ ልጅ የሌለው፣ የሚያስታምመው ሰው የሌለው።

የጀርመንን ነገር እዩ። በቀድሞው ሥርዓት ሳይኮቴራፒስት ለመሆን የሚሠለጥን ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ቢያንስ 1,800 ሰዓት በክሊኒክ የተግባር ሥራ ይሠራ ነበር፤ ብዙዎቹም በኢምንት ክፍያ ወይም ያለ ክፍያ። ለዓመታት ከተጮኸበት በኋላ በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሥልጠናውን ለወጠው። እኔ ግዴታውን አልቃወምም፤ ክፍያና ሰዓት የሌለው ግዴታ ግን ደሃውን ለይቶ የሚያስቀር በር ነው። ይህን ስል ተቆጥቼ ነው፤ ጎበዝ ጎበዝ ጓደኞቼ ሙያውን ሲተዉ አይቻለሁና።

የቅጥር ኮሚቴ አባል፦
ውስጡ ያለ ሰው ይናገር ከተባለ ልናገር። ኮሚቴ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ላይ የማመልከቻ ክምር አለ፤ ጊዜው አጭር ነው። ጽሑፍ ይቆጠራል። ጆርናሉ ደረጃ አለው። የመጣው የምርምር ገንዘብ በቁጥር ይጻፋል። «ይህች አመልካች የተለማማጅን የሕክምና የድምፅ ቅጂ አዳምጣ የት ላይ እንደሳተ ታውቃለች» የሚለው ግን በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል? ስለማይቆጠር ይታለፋል። ምርምርን በጆርናሉ ደረጃ ሳይሆን በይዘቱ መዝኑ የሚለው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ከ2012 ጀምሮ አለ፤ ብዙ ተቋማትም ፈርመዋል። ፊርማውና የኮሚቴው ጠረጴዛ ግን ገና አልተገናኙም።

ሐሳቤ ሁለት ዓይነት ቦታ ይውጣ ነው፤ አንዱ ለምርምር፣ አንዱ ለሕክምና ትምህርት። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይህን ያውቁበታል፤ ታካሚ እያየ የሚያስተምር ሐኪም የራሱ የማዕረግ እድገት መንገድ አለው። ሳይኮሎጂም ቢሆን ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ1949 ቦልደር፣ ኮሎራዶ ላይ የተሰበሰቡት አንድ ሰው ሳይንቲስትም ባለሙያም ሆኖ ይሠልጥን አሉ። በ1973 ቬይል ላይ የተሰበሰቡት ደግሞ በዋናነት ለሙያው የሚያሠለጥን ሌላ ዶክትሬትም ተገቢ ነው ብለው ተቀበሉ። ሥልጠናውን ለሁለት ከፍለን ስናበቃ ቅጥሩ ላይ አንድ ሰው ሁለቱን እንዲሆን መጠበቃችን ግራ ያጋባል።

የሆስፒታል ሳይኮሎጂስት፦
ሁለት ዓይነት ቦታ ሲባል ያሠጋኛል። አንዱ ቋሚ፣ አንዱ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ይሆናል። አንዱ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ተለማማጅ ይዞ ይሮጣል። ደመወዙም እኩል፣ ድምፁም እኩል ካልሆነ አልቀበለውም።

የማስተርስ ዲግሪ ያለው አማካሪ፦
የክሊኒኩም ማስታወቂያ ይነሣ እንጂ! ስለ ዩኒቨርሲቲው ብቻ ሆነ። እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀላልና መካከለኛ ጭንቀትና ድባቴ ለሚያክም ቦታ ሳይቀር ዶክትሬት ይጠይቃሉ። እንግሊዝ በ2008 የሳይኮሎጂ ሕክምናን በስፋት ማዳረስ ስትጀምር ዶክትሬት የሌላቸውን አሠልጥና በየደረጃው መደበች፤ ውጤቱንም በየቀጠሮው በመጠይቅ ትለካለች። ዚምባብዌ ውስጥ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያማክሩት፣ ለዚሁ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ናቸው። በ2016 ጃማ በተባለው የሕክምና ጆርናል የወጣው 573 ሰው የተሳተፈበት ሙከራ፣ በእነርሱ የታከሙት ከመደበኛው እንክብካቤ ይልቅ ምልክታቸው በደንብ እንደቀነሰ አሳይቷል። እናም ሕክምናው በዶክትሬት ብቻ እንደማይሰጥ ግልጽ ነው።

ከዋናው ጥያቄ ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው፦ እነዚህን ሁሉ ሠራተኞች የሚያሠለጥንና ሱፐርቪዥን የሚሰጥ ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው ያመረተው ሰው ነው። እኔን ሱፐርቫይዝ ያደረጉኝን ሁለት ሰዎች አነጻጽራለሁ። አንደኛው ንድፈ ሐሳቡን ይነግረኝ ነበር። ሁለተኛዋ የቀረጽኩትን ድምፅ አቁማ «እዚህ ጋ አለቀሰ፤ አንተ ርዕስ ቀየርክ። ምን ፈርተህ ነው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ሰው ፊቴ ሲያለቅስ ያ ጥያቄ ይመጣብኛል። እርሷ ጠዋት የራሷን ታካሚዎች አይታ ነበር ከሰዓት እኔን የምትሰማኝ።

ተመራማሪና መምህር፦
ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ከእስካሁኑ ክርክር ሁሉ ይበልጥ አሳምኖኛል። ስለዚህ አቋሜን ላጥብብ። ሱፐርቪዥን ለሚሰጥ፣ ቃለ መጠይቅና ቴራፒ ለሚያስተምር ሰው ፈቃድ ግዴታ መሆኑን እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን ይመለስልኝ። መምህሩ ታካሚ የሚያየው የት ነው? የግል ክሊኒክ ከፍቶ ክፍል የሚቀር መምህር ችግር ይሆናል። ተማሪው ራሱ ታካሚ የሚሆንበት ሁኔታስ እንዴት ይከለከላል?

የቅጥር ኮሚቴ አባል፦
ሁለተኛው ይቀላል። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ፣ ቴራፒ የትምህርቱ ግዴታ በሆነበት ፕሮግራም፣ የተማሪውን ውጤት የሚገመግም መምህር ያንን ቴራፒ ራሱ እንዳይሰጥ ይከለክላል። እኔ ከዚያም አልፌ የትምህርት ክፍሉ ተማሪ በጠቅላላ አይታይ እላለሁ።

ለመጀመሪያው፣ ሥፍራው የዩኒቨርሲቲው የሥልጠና ክሊኒክ ወይም ውል ያለው ሆስፒታል ይሁን። ታካሚው ከፈቀደ ተማሪው ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ማዶ ሆኖ ወይም በቅጂ ያያል። መምህሩ የሚያየው ታካሚ ለተማሪው ትምህርት፣ ለክሊኒኩ አገልግሎት ይሆናል። ማስታወቂያው እንዲህ ቢወጣ፦ «ከሳምንቱ የሥራ ሰዓት አንድ ሙሉ ቀን ለታካሚ፣ ግማሽ ቀን ለሱፐርቪዥን ተመድቧል። ይህ ሰዓት ከማስተማሪያ ጫናው ላይ ይቀነሳል። የፈቃድ እድሳትና የሙያ መድን ወጪ በቀጣሪው ይሸፈናል። በማዕረግ እድገት የሕክምናና የሱፐርቪዥን ሥራ ከምርምር ጋር ይመዘናል።» አመልካቾችም ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ከንግግር ይልቅ የተለማማጅ ቅጂ ሰምተው አስተያየት እንዲሰጡ ይደረግ። ኮሚቴው ያኔ የሚመዝነው ነገር ያገኛል።

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ፦
እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከወጣ ዛሬ አመለክታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፦ ፈቃዱ በማመልከቻው ቀን ሳይሆን ከተቀጠሩ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚሟላ ይሁን፤ ሰዓቱም በዚያው ክሊኒክ በክፍያ ይሞላ።

ተመራማሪና መምህር፦
በዚህ ላይ እፈርማለሁ። ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ የሚያስተምረው ግን ከግዴታው ውጭ ይሁን። እርሱን ክሊኒክ ካላስገባን ብለን ጥሩ ሰው አናጣ።

የሆስፒታል ሳይኮሎጂስት፦
እርሱን ተዉት፤ በወር አንዴ መጥቶ ከመስተዋቱ ማዶ ቢቀመጥ ግን ደስ ይለኛል። የእድሳትና የመድኑን ወጪ ቀጣሪው ይሸፍናል ያላችሁትን ግን በጽሑፍ ሳላይ አላምንም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው መስመር እርሱ ነው።