የስልኬን ኮድ ሰርቨሩ እምቢ አለኝ

የሐይቅ ዳሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ትንሽ አስጎብኚ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሰርቨሩን የምይዘውም እኔ ነኝ። የነገ ጠዋት የዘጌ ጀልባ ተሳፋሪዎች ዝርዝር እዚያ ላይ ስላለ ቸኩያለሁ። በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት በምንከፍትበት መንገድ) ስንገባ ከፓስወርዱ ሌላ የስልክ ኮድ እንዲጠይቅ የጉግል ኦተንቲኬተርን (ስልክ ላይ ኮድ የሚያወጣውን አፕ) የፓም ሞጁል፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ኮዱን የሚያጣራውን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ጫንኩና የሰጠኝን የኪውአር ምስል በእኔም በባልደረባዬም ስልክ ስካን አደረግን። እሱ ይገባል። እኔን ግን ባለ 6 አሃዙን ኮድ ሳላሳስት ጽፌም ይመልሰኛል።

ዓባይ ማዶ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አሁን የተከፈተውን ተርሚናል (ሰርቨሩን የምታዢበትን መስኮት) እንዳትዘጊው፣ ውጭ ትቀሪያለሽ! ሙከራውን በሌላ መስኮት አድርጊ። ቀጥሎ ሰዓት። ኮዱ የሚወጣው ኪውአሩ ውስጥ ካለው ምስጢር ቁልፍና ከሰዓቱ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረውም ለዚያ ነው። ኔትም ሲምም አይፈልግም። ሰርቨሩና ስልክሽ ስንት ሰዓት ይላሉ?

የሐይቅ ዳሯ፦ ሰርቨሩ 15፡42፣ ስልኬ 9፡42። ልክ ናቸው እኮ፣ አሁን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ42 ነው።

የጥገናው ልጅ፦ አገኘነው። ስልክሽን በእጅሽ ወደ ሐበሻ ሰዓት አዙረሽዋል። ስለዚህ ስልኩ ገና ጠዋት መስሎት ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረውን ኮድ ነው የሚሰጥሽ፣ ሞጁሉ ደግሞ ቢበዛ የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ነው የሚታገሰው። ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጊው። የሐበሻ ሰዓት ካልለቀቅሽ (እኔም አልለቅም) የሰዓት ክልሉን ብቻ ቦነስ አይረስ በይው። ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ 9፡42 ያሳይሻል፣ ውስጡ ያለው ሰዓት ግን አይነካም። ካላንደር ላይ ያሉ ቀጠሮዎችሽም በዚያው ሰዓት እንደሚታዩ እወቂ።

ዓባይ ማዶ፦ ጎበዝ፣ ይሄ ነው። ስትገቢ ሁለት ነገር አድርጊ። ሲጫን የሰጠሽን ባለ 8 አሃዝ 5 የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቆልፊባቸው፤ ስልክሽ ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ የምትገቢው በእነሱ ነው፣ እያንዳንዱም አንዴ ብቻ ይሠራል። ሌላው፣ ለየራሳችሁ አካውንት ክፈቱ። አንድ ምስጢር ለሁለት ሰው አይሆንም። እና አንድ ቀን ከፓስወርድ ወደ ኤስኤስኤች ቁልፍ (በፓስወርድ ፈንታ ኮምፒውተርሽ ላይ ወደሚቀመጥ የመግቢያ ፋይል) ከዞርሽ፣ በኤስኤስኤች ሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኦተንቲኬሽን ሜተድስ የሚለው መስመር ቁልፉንም ኮዱንም እንዲጠይቅ አድርጊ፣ አለዚያ ኮዱን ሳይጠይቅ ያስገባል።

የሐይቅ ዳሯ፦ ቦነስ አይረስ አደረግኩት፣ ገባሁ! እግዜር ይስጥልኝ፣ ዝርዝሩን እያተምኩ ነው። የመጠባበቂያ ኮዶቹን ግን ሳላያቸው አልፌያለሁ፣ ይገኛሉ?

ዓባይ ማዶ፦ አሉ። ሰርቨሩ ላይ ሆም ፎልደርሽ (የአካውንትሽ የግል ፎልደር) ውስጥ በነጥብ የሚጀምር፣ ጉግል ኦተንቲኬተር የሚባል የተደበቀ ፋይል ፈልጊ። ታች መጨረሻው ላይ ተደርድረዋል።