ወንድሜ ከጣሪያ ወርዶ አስመለሰው፤ ምች ነው ወይስ ሙቀት?

የሄርማታዋ፦
ሰላም ናችሁ? ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ጅማ ቆርቆሮ ከሚያለብሱ ልጆች ጋር ሥራ ከጀመረ ገና 4 ቀኑ ነው። ረመዳን ስለሆነ ይጾማል። ትናንት 8 ሰዓት ገደማ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ከጣሪያ ወረደ። ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው አጣብቆታል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ባቱንም ጨምድዶ ያዘው። ቤት ሲደርስ አስመለሰው። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አሸተተችው። ማታ ሲያፈጥርም ጭማቂውን በቡና ሰጠችው። ዛሬ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ሲል በግድ አስቀረሁት። ጅማ እኮ አፋር አይደለችም! እዚህም ሙቀት ሰው ይጥላል? ነገ ቢሄድስ ምን ላድርግለት?

ባጃጅ ነጂው፦
አይዞሽ እህቴ። ጨው በውሃ በጥብጦ ግጥም አድርጎ ይውጣ። ላብ ጨው ነው የሚያወጣው፣ ጨው ይመልሰዋል።

ሲስተር ከጅሬን፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል፣ ግን ጨው የበዛበት ውሃ ያስመልሳል፣ ጥማቱንም ያብሳል። ኦአርኤስ (ስኳርና ጨው ያለበት፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ከመድኃኒት ቤት ይገዛ፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ይበጥበጥ። ካጣችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ሳይቆለል። ጨውን በግምት አትጨምሩ።

እህቴ፣ የጻፍሽው ሙቀት ያዳከመው ሰው ምልክት ነው። ምች ነው አይደለም ብዬ እናትሽን አልሞግትም፤ ዳማከሴው የሄደ ውሃና ጨው እንደማይመልስ ግን ንገሪያት።

ጅማ አፋር አይደለችም ላልሽው፣ ትክክል ነሽ። ነገር ግን ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። እርጥበት ያለው አየር ላይ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ ቶሎ አይተንም። ልጁ ደግሞ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች የቆርቆሮ ነጸብራቅ ይጠብሰዋል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ እሱ ገና 4ኛ ቀኑ ነው፣ ያውም በጾም። አዲስ ሠራተኛን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን ጣሪያ ላይ ማዋል ስህተት ነው።

አሮጌው ፎርማን፦
የጅማን መንገድ የሚያውቅ ጊቤን ያውቃል። ከወልቂጤ አልፈሽ ሸለቆው ውስጥ ስትወርጂ በመስኮት የሚገባው ንፋስ ራሱ ይጋረፋል። እዚያ ስንሠራ አንድ ልጅ መዶሻውን ገልብጦ በእጀታው ሚስማር ሲመታ አየሁት። ስሙን ብንጠራው ዝም። «ጠጥቶ ነው» ተባለ። ልጁ ጠብታ አልቀመሰም። ብነካው ቆዳው እሳት ነው። ጥላ ውስጥ አስተኝተን 2 ጀሪካን ውሃ አፈሰስንበት። ፒካፕ ላይ ጭነንም በካርቶን እያራገብን ሐኪም ቤት አደረስነው። ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛ ነገሩ ሲዛባብኝ «ሰነፈ» አልልም።

እኔ ብሆን ሱሁር (ከጾሙ በፊት የሚበላውን) እንደበሉ ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ አስጀምራቸዋለሁ። 5 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው እጅ ማቃጠል ሲጀምር ይወርዳሉ። ከዚያ ጥላ ሥር የሚሠራ ሥራ አይጠፋም፣ ማገር መቁረጥ፣ ሚስማር መለየት። አሠሪውን አናግሪው። ሰው ከጣሪያ ቢወድቅበት ይብስበታል።

ሲስተር ከጅሬን፦
ጋሼ ያሉት ልጅ ዋናውን ምልክት አሳይቷል። መቀባዠር፣ መደናገር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስ መሳት ካለና ሰውነቱ ከጋለ (40 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ ይደርሳል) ድንገተኛ ነው። «ገና ያልበዋል» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጉልበት ሥራ ላይ የነበረ ሰው እያላበውም ይደርስበታል። ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡ፣ 907 ቀይ መስቀል ደውሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ፓራሲታሞልም ይህን ሙቀት አያወርደውም።

አቡ ዒምራን፦
ኡስታዝ አይደለሁም፣ ግን የታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ ቀዷ እንደሚያወጣ፣ ማለትም በሌላ ቀን እንደሚተካ፣ ቁርኣኑ ራሱ ይላል፣ አል-በቀራ ላይ። ልጁ እንደዚያ ሲሆን እስከ መግሪብ መጠበቅ አልነበረበትም። ለሌላው ቀን ደግሞ ውሃውን ሱሁር ላይ አንዴ መገልበጥ አይጠቅምም፣ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ካፈጠረ ጀምሮ በየመሐሉ ይጠጣ። ሾርባ፣ ሐብሐብ፣ ተምር ጥሩ ናቸው።

የሄርማታዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሽንቱ እንደ ቀይ ሻይ ሆኗል ይላል። ጭኑንም ሲነኩት ያመዋል። ውሃ ማነስ ብቻ ነው?

ሲስተር ከጅሬን፦
ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ! ውሃ ያነሰው ሽንት ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ከከባድ ሥራ በኋላ ሻይ ከመሰለና ጡንቻም ከታመመ ግን ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊት ላይ ጫና ሊፈጥር ይችላል። ዛሬውኑ ይታይ። ደምና ሽንት ይመረመራል። ዛሬ አይጹም።

የሄርማታዋ፦
ተመለስን። ግሉኮስ ተሰጠው፣ ኩላሊቱ አልተጎዳም ተባለ። ለነገ ደም ድጋሚ ቀጥረውታል፣ ሥራም እስኪያዩት ድረስ የለም። አሠሪው ደውሎ ነበር። ከ12 እስከ 5 ሰዓት በሚለው ተስማምቷል፣ ግን «ደመወዙ ግማሽ ይሆናል» አለ።

አሮጌው ፎርማን፦
ግማሽ አይደለም። ጠዋት በ5 ሰዓት ሥራ ውስጥ የሚለብሰው ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ እየተዝለፈለፉ ከሚለብሰው አያንስም። በቆርቆሮ ቁጥር ይክፈል በይው። ልጁ የማይጾም ቀን ደግሞ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ፣ እስኪጠማው አይጠብቅ።

ሲስተር ከጅሬን፦
በ1 ሰዓት ውስጥ ግን ከ1 ሊትር ተኩል አይለፍ። ውሃም ሲበዛ ይጎዳል።

እንግዳ ከቆጪ፦
እግረ መንገዴን ልጠይቅ። አያቴ ሁዳዴ ይጾማሉ፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን ይወስዳሉ። ሰሞኑን ሲነሱ ያዞራቸዋል። ኪኒኑን ይተዉት?

ሲስተር ከጅሬን፦
በራሳቸው እንዳይተዉት። ግፊታቸውን ተቀምጠውም ቆመውም ያስለኩና ኪኒኑን ላዘዘላቸው ሐኪም ስለ ጾሙ ይንገሩት። እስከዚያ ቀትር ላይ ከቤት አይውጡ፣ ከአልጋ ሲነሱም መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።