«አበሳዬን አየሁ» ስንል ምን እያልን ነው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ነገር ከንክኖኛል። ጓደኛዬን የወገብ ሕመም አልጋ ላይ ጥሏት ልጠይቃት ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ሌላ ጠያቂ «አይ አንቺ፣ አበሳሽን አየሽ» አለቻት። ከልቧ አዝና ነው ያለችው። ጓደኛዬ ግን አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ በቃሏ የምትደግም ናት። ከትራሷ ቀና ብላ «ምን በድዬ?» አለቻት። ሴትየዋ የምትገባበት ጠፋት። እኔም የምለው አጣሁ። አበሳ በደል ነው ወይስ መከራ? ፍዳስ? ክርስትናስ ለታመመ ሰው የሚለው የቱን ነው?

የሰዋስው ተማሪ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው። በግእዝ አበሰ ማለት በደለ ነው። «ኅድግ ለነ አበሳነ» ስንል «በደላችንን ይቅር በለን» ማለታችን ነው። አማርኛው ሁለቱንም ይዟል። «አበሳዬን ይቅር በለኝ» ካልሽ በደል፣ «አበሳዬን አየሁ» ካልሽ ስቃይ። በአፍ ንግግር አሁን የበለጠው ሁለተኛው ነው።

ፍዳም የዚያው ዘመድ ነው። ፈደየ ማለት ከፈለ፣ ብድር መለሰ ነው። መዝሙረ ዳዊት «ትፈድዮ ለኵሉ በከመ ምግባሩ» ይላል፤ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ትከፍለዋለህ እንደማለት። ፍዳ እንግዲህ የሥራ ዋጋ ነው። ዛሬ ግን «ይሄ ኮምፒውተር ፍዳዬን አሳየኝ» እንላለን። ለየትኛው ኃጢአታችን እንደሆነ ኮምፒውተሩ ይወቀው። አሳር ብቻ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ከግእዙ ኀሳር የመጣ ስለሆነ ጉስቁልናን እንጂ ጥፋትን አያነሳም።

ቃል በቃል፦
ነገሩ ከመዝገበ ቃላት ያልፋል። ሁለቱም ቃላት ከጥፋት ተነስተው ስቃይ ላይ ነው ያረፉት። ከበስተኋላቸው «የተሠቃየ ሁሉ ዕዳ እየከፈለ ነው» የሚል እምነት አለ። ይህ ደግሞ የኢዮብ ወዳጅ የኤልፋዝ እምነት ነው። ኢዮብን «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው (ኢዮ. 4፥7)።

ኤልፋዝና ሌሎቹ ሁለት ወዳጆች ኢዮብን ሊያጽናኑ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በእነሱ ላይ! «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገርን ስለ እኔ አልተናገራችሁምና» አላቸው (42፥7)። ይህ «ቅን ነገር ተናገረ» የተባለው ኢዮብ ደግሞ የተወለደበትን ቀን የረገመ፣ ፈጣሪውን ፊት ለፊት ልሟገትህ ያለ ሰው ነው። «የኢዮብ ትዕግሥት» ሲባል ጭጭ ያለ ሰው የሚመስለን መጽሐፉን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አቁመን ይመስለኛል።

ዮሐንስ 9ንም እዩት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» አሉ። ጥያቄው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው። ክርስቶስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎችም ያው ነው፤ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች አልነበሩም (ሉቃ. 13፥4)።

ነገረ ፊደል፦
ቀስ በል ወንድሜ። ያው ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ላይ ለዳነው ሰው «ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ተብሏል። ጳውሎስም ሰው የዘራውን ያጭዳል ብሏል። በዘፍጥረት 3ም ቢሆን ጭንቅና ድካም የመጡት ከመተላለፍ በኋላ ነው። አማርኛ በደልንና ስቃይን ያጣበቀው ዝም ብሎ አይደለም።

ቃል በቃል፦
እሱን አልክድም። ጠጥቶ ነድቶ የተጋጨ ሰው የእጁን ነው ያገኘው። ከጥፋት ወደ ስቃይ መንገድ አለ። መንገዱ ግን ወደ ኋላ አያስኬድም። ስቃይን አይቶ ጥፋትን ማንበብ አይቻልም፤ ኤልፋዝ የወደቀው እዚያ ጋ ነው። የዘፍጥረቱ ቃል የሰውን ልጅ ሁሉ ይመለከታል፤ የአንዲት ሴት ወገብ ለምን እንደታመመ አይነግረንም።

ሮሜ 8ን ደግሞ አስበው። ጳውሎስ ፍጥረት ሁሉ አብሮ በምጥ ይቃትታል ይላል። ጣር አላለም፣ ምጥ ነው ያለው። ሁለቱም ያስጮኻሉ። አንዱ ግን የሚያበቃው በሞት ነው፣ ሌላው በልጅ።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ መከራን ምነው ረሳችሁት? በግእዝ አመከረ ማለት ፈተነ ነው። እግዚአብሔር አብርሃምን «ፈተነው» የሚለው በግእዙ «አመከሮ» ነው። መከራም መፈተኛ ማለት ነበር። የእኛ ሞከረና ሙከራ ከዚሁ ቤት ናቸው። ምክርም ሥሩ ያው ነው። ስለዚህ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት ቤት መምቻ ብቻ አይደለም።

አበሳና ፍዳ ወደ ኋላ ያያሉ፤ ምን አደረግህ ብለው ይጠይቃሉ። መከራ ፊቱ ወደ ፊት ነው፤ ምን ይወጣሃል የሚል። ጳውሎስ «መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ፈተናን፣ ፈተናም ተስፋን» ብሎ የደረደረው በዚህ መንገድ ነው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ ያ ጥቅስ ሁሌ ያደናግረኛል። ታግሼ ስጨርስ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው እንዴ የሚጠብቀኝ?

ጡረተኛው፦
አይደለም ልጄ። እዚያ ላይ ፈተና የተባለው ተፈትኖ መገኘቱ ነው፤ «የተፈተነ ሰው» እንደምንለው። ያዕቆብ «ማንም ሲፈተን፦ በእግዚአብሔር እፈተናለሁ አይበል» ሲል ደግሞ ወደ ክፋት መገፋትን ነው። በአቡነ ዘበሰማያት «ወደ ፈተና አታግባን» የምንለውን ግእዙ መንሱት በሚል ሌላ ቃል ነው የያዘው። አማርኛው ሁሉንም በፈተና ላይ ጫነው። ለተማሪም የሚሰጠው ፈተና ነው። የዚህ ቃል ጫንቃ አያድርስ ነው!

ቃል በቃል፦
ጋሼ፣ የመከራውን ሥር ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ስጋት አለኝ። ልጇን ለቀበረች እናት «መከራ እየመከረሽ ነው» ማለት ከኤልፋዝ በምን ይሻላል? ጳውሎስም ያለው «በመከራችን እንመካለን» ነው። በመከራችሁ አላለም። የተገረፈውና የታሰረው ራሱ ስለሆነ መናገር ይችላል። በሌላ ሰው ቁስል ላይ ቆሞ ትምህርቱን መዘርዘር ሌላ ነገር ነው።

ጡረተኛው፦
እውነትህን ነው። ተረቱም የተተረተው ለእምቢተኛ እንጂ ለታመመ አይደለም።

የሰዋስው ተማሪ፦
እኔ ደግሞ ሕማምን ልጨምር። በጸሎተ ሃይማኖት ስለ ክርስቶስ «ሐመ ወሞተ ወተቀብረ» ይባላል። ልጅ ሆኜ «ታመመ» ማለት ይመስለኝ ነበር። መከራ ተቀበለ ማለት ነው። ግእዝ ይህን አንድ ቃል ለበሽታውም ለመስቀሉም ስቃይ ይጠቀምበታል። ሕመምና ሕማማት ወንድምና እህት ናቸው። የጓደኛሽ ወገብና የጎልጎታው ነገር አንድ ቃል ይጋራሉ ማለት ነው። እኔ እንደሚገባኝ ክርስትና ለ«ለምን?» የሚሰጠው መልስ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ማብራሪያው አጭር ነው፤ ከታማሚው ጋር የታመመ አምላክ ግን አለ። እሱ ራሱም መስቀል ላይ ሆኖ «ስለ ምን ተውኸኝ?» ብሏል። እዚያው ላይ የመለሰለት የለም።

ኢሳይያስ 53፥4 ደግሞ ይህን ሁሉ ጭቅጭቃችንን የሰማ ይመስላል። «በእውነት ደዌያችንን ተቀበለ ሕመማችንንም ተሸክሞአል፤ እኛ ግን እንደ ተመታ በእግዚአብሔርም እንደ ተቀሠፈ እንደ ተቸገረም ቈጠርነው።» እንደ ተቀሠፈ ቈጠርነው! በዘመናችን አማርኛ እሱንም «ፍዳውን አየ» አልነው ማለት ነው። ጥፋት የሌለበትን ሰው።

ነገረ ፊደል፦
ይህቺኛዋ አሸንፋኛለች። ግን «እግዜር ይማርሽ»ስ? ማረ ይቅር አለ ማለት ነው። ለታመመ ሰው ይማርሽ ስንል በጎን በደለኛ እያልነው አይደለም?

የሰዋስው ተማሪ፦
አይመስለኝም። የግእዙ መሐረ መጀመሪያ ራራ፣ አዘነ ነው። ይቅርታው ከርኅራኄው የሚወለድ ነው። ማቴዎስ 9 ላይ ሁለቱ ዕውሮች «የዳዊት ልጅ ሆይ፣ ማረን» እያሉ ሲከተሉት ኃጢአት እየተናዘዙ አልነበረም። ዓይናቸው እንዲበራ ነው የፈለጉት። እሱም ያደረገላቸው ይህንኑ ነው።

ጠያቂዋ፦
እንግዲያው «ይማርሽ» ብዬ ልጻፍላት። ኧረ ቆይ፣ «ያጽናሽ»ስ? «ሕመሙ ጸናበት» እንላለን እኮ! ይባስብሽ እንዳይሆንብኝ።

ጡረተኛው፦
ያጽናሽ ለሐዘንተኛ ነው፣ ለታመመ አትበዪው። ጸና ግን ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሌላ ርዕስ ክፈችለት፤ እኔ ከራት በኋላ እመለሳለሁ።