«ተባዩ መድኃኒቱን ለመደ» ስንል «ለመደ» ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ወንዝ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ከሚያለሙ አትክልተኞች ጎን ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ የጎመን ቅጠል ገልብጠው ከጀርባው ተጠቅጥቆ የሰፈረውን አረንጓዴ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህ እኮ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ብረጨው ብረጨው አልሞት አለኝ» አሉኝ። አብሮን የነበረ የግብርና ባለሙያ ግን «ጋሼ፣ ነፍሳት አይለምዱም፤ ደካማው አልቆ ጠንካራው ስለተራባ ነው» ሲል አረማቸው። እርሳቸውም እኔም ዝም አልን፤ ቃሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚያው ሰሞን የዘረመል ፊደል ሳይለወጥ አነባበቡ እንዴት እንደሚለወጥ ስለሚያጠናው «ኢፒጄኔቲክስ» ስለሚባለው የሥነ ሕይወት ዘርፍ ሳነብ፣ የአዛውንቱ «ለመደ» ያን ያህል ስሕተት ባይሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ስለዚህ «ለመደ» በዚህ አገባብ ምን ማለት እንደሆነ፣ «ኢፒጄኔቲክስ»ንም በአማርኛ ምን ብንለው እንደሚሻል እጠይቃለሁ።

ምላሽ፣ ከሱሉልታ

ከግሡ ልጀምር። «ለመደ» ሁለት ነገር በአንድነት የያዘ ግሥ ነው፤ የለመደው አካል ነገሩን ራሱ ደጋግሞ ቀምሶታል፣ ከዚያም የተነሣ ጠባዩ ተለውጧል። «ልማድ ያሰርቃል ከማድ» ሲባል የሚሰርቀው ሌላ ሰው አይደለም፤ ያው ሰው ነው፣ እጁ ለምዶ ነው። በዚህ ሚዛን የባለሙያው እርማት እውነት አለው፤ ተባይ ለመድኃኒት የማይበገረው በአብዛኛው፣ ከብዙዎቹ መካከል በዘረመሉ (ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፈው የባሕርይ መመሪያ) ላይ ለውጥ የደረሰበት አንዱ መርዙን ተቋቁሞ ሲተርፍና ሌሎቹ ሲያልቁ እርሱ ስለሚራባ ነው። እዚያ ውስጥ የለመደ የለም፤ የተረፈው ከመጀመሪያውም የማይሞተው ነበር። ለዚህ «ያልሞተው ዘሩን ተካ» ብንል ለነገሩ ይቀርባል።

ኢፒጄኔቲክስ ግን ሌላ በር ይከፍታል። ቃሉን በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተን ሲሆን፣ «ኤፒ» በግሪክኛ «በላይ» ማለት ነው። የዘረመሉ ፊደላት ሳይለወጡ፣ በላያቸው ወይም በተጠመጠሙበት ፕሮቲን ላይ በሚቀመጡ ምልክቶች አማካይነት የሚነበበው ክፍል ከማይነበበው ይለያል፤ ሙቀት፣ ረሀብ፣ መጨናነቅ ወይም መርዝ ምልክቶቹን ሊያስቀይር ይችላል። ከሁሉ የታወቀው ምልክት ሜቲል ነው፤ እርሱም 1 ካርቦንና 3 ሃይድሮጅን ብቻ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ክሽክሹ ይበላል» ብለን እንጻፍ። «በ» ላልታ ስትነበብ ክሽክሹ በሊታ ነው፤ «በ» እና «ላ» ጠብቀው ሲነበቡ ግን ሌላ ፍጥረት መጥቶ ክሽክሹን ራሱን ይበላዋል። አራቱ ፊደላት ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ በሊታውን ተበሊ ያደረገው ንባቡ ነው። የዜማ ሊቃውንትም በድጓው ከቃሉ በላይ ይዘት፣ ደፋት፣ ቅናትና ጭረት የተባሉትን የዜማ ምልክቶች ሲያኖሩ ቃሉን አይነኩም፤ የሚወስኑት እንዴት እንደሚዜም ነው። በዚህ ምክንያት «ላዕለ ዘረመል» ከሚለው ይልቅ «የዘረመል ምልክት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «ላዕለ» ከግሪኩ ጋር ቢገጥምም ለሰሚው የሚሠራውን ሥራ አያሳየውም።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንመለስ። የኮክ ክሽክሽ የሚባለው፣ ድንችንና ጎመንንም የሚያጠቃው አረንጓዴ ተባይ፣ መርዝን ይዞ የሚያከሽፍ ኢስተሬዝ የተባለ ኤንዛይም አለው፤ በማይበገሩት ዘንድ የዚህ ኤንዛይም ዘረመል ተባዝቶ ብዙ ቅጂ ሆኖ ይገኛል። ይህ የፊደል ለውጥ ነውና ልማድ ልንለው አንችልም። ሆኖም መድኃኒት ሳይነካቸው ከኖሩት መካከል አንዳንዶቹ የቀድሞ ብርታታቸውን አጡ፤ ሲመረመሩም ቅጂዎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፣ የጠፋው የሜቲሉ ምልክት ነበር። በእኛ አካል ሜቲል ብዙውን ጊዜ ዘረመልን ዝም ያሰኛል፤ በዚህ ተባይ ግን ዘረመሉ ዝም ያለው ምልክቱ ሲነሣለት ነው። አትክልተኛ ይህን «ረሳው» ቢል እኔ አላርመውም፤ ሊረሳ የሚችልን ነገር ደግሞ «ለመደ» ማለት የቋንቋ ነውር የለበትም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ያንኑ ጎመን ድጋሚ ገለበጥሁት፤ ከአረንጓዴዎቹ መካከል ጥቁር ደረት ያላቸው ባለ ክንፎች አየሁ። እነዚህስ ሌላ ዘር ናቸው?

ምላሽ፣ ከሰበታ

ሌላ ዘር ላይሆኑ ይችላሉ። ክሽክሽ ያለ ወንድ የራሷን ቅጂ ሴት ልጆች ትወልዳለች፤ ቅጠሉ ሲጨናነቅ ደግሞ ከክንፍ አልባዋ እናት ባለ ክንፍ ልጆች ይወለዳሉ። ፊደሉ አንድ ነው፤ ንባቡ ተለየ።

አማርኛ በዚህ ረገድ የሚያስደንቅ ጥንቃቄ አለው። በየሣሩ የሚፈናጠረውን ፌንጣ፣ በመንጋ የሚመጣውን አንበጣ፣ ክንፍ ያላወጣውን ኩብኩባ እንለዋለን። ሳይንስም በሁለት ስም ይጠራቸው የነበሩ ተሰዳጅ አንበጦች አንድ ዝርያ በሁለት መልክ መሆናቸውን የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ ያሳየው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። በ2012 ዓ.ም. አገራችንን ያስጨነቀው የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነው፤ ብቸኛው ከሌሎች ጋር ተጨናንቆ የኋላ እግሩ ደጋግሞ ሲነካ በነርቮቹ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ይጨምራል፣ በጥቂት ሰዓታትም ይሸሻቸው ወደነበሩት ባልንጀሮቹ መሳብ ይጀምራል። ይህን «ለመደ» ብንለው ሙሉ መብት አለን። በመንጋ የኖረች እናት ልጆች ግን ከእንቁላሉ ሲወጡ ጀምሮ ወደ መንጋ ያዘነብላሉ፤ እነርሱ «ወረሱ» እንጂ «ለመዱ» አይባሉም።

በሱሉልታው ወዳጃችን ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ምልክቱን በሜቲል ብቻ እንዳናጥር፣ የፍራፍሬ ዝንብ ሜቲል የለውም ለማለት እስኪያስደፍር ድረስ ጥቂት ነው። እንዲሁም ሙቀት፣ ረሀብና መርዝ ለመሳሰሉት አንዳንዴ የሚሰጠውን «የአካባቢ ጭንቀት» የሚለውን ትርጉም ትተን «የአካባቢ ጫና» እንበል፤ ክሽክሽ ጫና ይደርስበታል እንጂ አይጨነቅም።

ጋሼን ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልን፦ መርጨቱን ለረጅም ጊዜ ትተው ሲመለሱ ያው መድኃኒት እንደገና ገድሎ ያውቅ እንደሆነ፣ ለዚያስ በአካባቢያቸው ምን ቃል እንዳለ።